አቁሜዋለሁ ብዬ ያላቆምኩት ቁጠባ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በአረጋውያን መንከባከቢያ በሰዓት ስሠራ ቆይቼ፣ ዜግነቴን ካገኘሁ በኋላ በስንት ልፋት በአንድ የፌዴራል መንግሥት ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ተቀጠርኩ። ከገባሁ አምስተኛ ወሬ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ታክሱና ሌላው ሳይነሳ 1,800 ዶላር ይከፈለኛል። የመጀመሪያውን ፔይ ስታብ ሳየው ከተቆረጠው መካከል «ቲኤስፒ» የሚል 90 ዶላር አገኘሁ። እኔ የፈረምኩት ነገር የለም። ስጠይቅ ትሪፍት ሴቪንግስ ፕላን የሚባል የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ነው፣ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ይገባበታል፣ ካልፈለግሽ ማቆም ትችያለሽ አሉኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው ተቆጣ። እሱ ኡበር ነው የሚሠራው። «የዛሬውን ሳንወጣው ለእርጅናሽ ታስቀምጫለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙ ነገር አለብን። የክሬዲት ካርድ ዕዳችን 4,000 ዶላር ደርሷል፣ ወለዱም 24 በመቶ ነው። ቤት ለመግዛት ዳውን ፔይመንት እናጠራቅማለን። በወር 500 ዶላር የ12 ሰው እቁብ አለን፤ እጣችን ገና አልወጣም። ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። ደግሞ የባለቤቴ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ የሚሰጣቸው ገንዘብ የወር አስቤዛ እንኳ አልሸፍን ብሏቸው ነው ያረፉት። «ጡረታ የሞተ ገንዘብ ነው» ይላል። ዩቲዩብ ላይም መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ከዚሁ ቁጠባ እንደሚወስድ ሰምቷል።

ለሰላም ብዬ «እሺ አቆመዋለሁ» አልኩት። በሳምንቱ ሲጠይቀኝ «አቁሜዋለሁ» አልኩት። አላቆምኩትም። «ታዲያ ቼክሽ ለምን አልጨመረም?» ሲለኝ ኢንሹራንሱ ጨመረ አልኩት። ከቲኤስፒ በፖስታ የመጣልኝን ደብዳቤ እንኳ ቤት አላስገባሁትም፣ ሥራ ቦታ ሎከሬ ውስጥ ነው። በ12 ዓመት ትዳራችን በገንዘብ ዋሽቼው አላውቅም። አሁን ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ሥራ ቦታ ደግሞ አንዷ «10 በመቶ አድርጊውና ሁሉንም ሲ ፈንድ ውስጥ ክተቺው» ትለኛለች፤ ሌላዋ «አትሞኚ፣ ጂ ላይ ተኚ» ትለኛለች። ምን እንደሚያወሩ እንኳ አላውቅም። ላቁመው ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣

ስለ ገንዘብ ጠይቀሽኝ ከደብዳቤሽ ግማሹን የያዘው ባለቤትሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምመልስልሽ። እንዳላንጠለጥልሽ ግን ዋናውን ላስቀድም፤ አምስት በመቶውን ባታቆሚው እመርጣለሁ። ለባለቤትሽም ይህ ሳምንት ሳያልፍ ንገሪው። አስቸጋሪው አነጋገሩ ስለሆነ እሱ ላይ ቆይተን እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ፔይ ስታብሽን እንየው። 90 ዶላሩ የ1,800 ዶላርሽ 5 በመቶ ነው። ከኦክቶበር 2020 ወዲህ የተቀጠረ የፌዴራል ሠራተኛ «አልፈልግም» ብሎ ካላስታወቀ በቀር በዚሁ መጠን ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ ሳትፈርሚ መግባትሽ ስህተትም ተንኮልም አይደለም። ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የሚያስገባውን ነው። አንቺ አምስት ሳንቲም ባታዋጪም መሥሪያ ቤትሽ የደመወዝሽን 1 በመቶ፣ ማለትም 18 ዶላር ያስገባልሻል። ከዚያ ካዋጣሽው ላይ የመጀመሪያውን 3 በመቶ ልክ በልኩ፣ ተከታዩን 2 በመቶ ደግሞ በግማሹ ይጨምርልሻል። ማቺንግ የሚሉት እሱን ነው። ባንቺ ደመወዝ 72 ዶላር ይሆናል። 18 እና 72 ሲደመር 90፣ ልክ አንቺ ያስገባሽውን ያህል። በአምስት ወር ውስጥ አሥር ቼክ ገደማ ስለወሰድሽ ከራስሽ የወጣው 900 ዶላር ነው፤ አካውንቱ ውስጥ ያለው ግን የገበያው መውጣትና መውረድ እንዳለ ሆኖ ወደ 1,800 ይጠጋል።

ብታቆሚውስ? 90 ዶላሩ እንዳለ ወደ ኪስሽ የሚመለስ ይመስላል፤ አይመለስም። አሁን የሚቆረጠው የገቢ ታክስ ሳይሰላበት ነው፤ ስታቆሚው የፌዴራሉም የሜሪላንዱም የካውንቲውም ታክስ ድርሻውን ይወስዳል። እንደ እናንተ ዓይነት ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚተርፈው 70 ዶላር ቢሆን ነው። ያንን 70 ለማግኘት ደግሞ 72 ዶላር ማቺንግ ይቀራል። ለባለቤትሽ ይህን ብቻ በወረቀት ጽፈሽ ብታሳዪው ግማሹን መንገድ ሄድሽ ማለት ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ሒሳቡን ለማየት አይቸገርም፤ አንቺ በጣልሽ ቁጥር ዳኛው ከራሱ ኪስ ያንኑ ያህል የሚጨምርበት እቁብ ቢኖር እሱ ራሱ ሁለት እጣ ይዞ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። በደብዳቤሽ ውስጥ ባለቤትሽ ጨቋኝ ሆኖ አልታየኝም። ፈርቷል፤ የሚፈራበትም ምክንያት አለው። አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ አገልግለው፣ በደመወዛቸው ልክ ተሰልቶ የተቆረጠላቸው ጡረታ ኑሮው እየናረ ሲሄድ እጃቸው ላይ ሲሟሽሽ አይቷል። ይህን ያየ ልጅ ጡረታ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢያመው አይፈረድበትም። አባቱ የነበራቸው ግን በስማቸው የተከፈተ ሒሳብ አልነበረም፤ በቀመር ተሰልቶ በየወሩ የሚሰጥ አበል ነው። አንቺም የዚያ ዓይነቱ አለሽ። ፔይ ስታብሽ ላይ «ፌርስ» የሚለውን ፈልጊ፤ የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ አበል ሥርዓት ነው፤ ከ2014 ወዲህ እንደተቀጠረ ሰው 4.4 በመቶ ይቆረጥብሻል። ቲኤስፒ ከሱ የተለየ ነው። በስምሽ የተከፈተ፣ ስንት እንዳለበት ዛሬ ገብተሽ የምታዪው፣ ሥራ ብትለቂም የራስሽን መዋጮና ማቺንጉን ይዘሽው የምትሄጂ ገንዘብ ነው። ወደ አገር ቤት ጠቅልላችሁ ብትገቡም ያንቺው ነው። መሥሪያ ቤቱ በራሱ የሚያስገባው 1 በመቶ ብቻ በአብዛኛው የሦስት ዓመት አገልግሎት ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ከለቀቅሽ እሱ ይቀራል።

ደግሞ አበሉ ብቻውን እንደማይበቃሽ ባለቤትሽ ራሱ ከአባቱ ተምሯል። በፌርስ ስሌት 62 ዓመት ሞልቶት ቢያንስ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው፣ ከፍተኛ ደመወዝ ያገኘባቸው ተከታታይ ሦስት ዓመታት አማካይ ተወስዶ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.1 በመቶ ይታሰብለታል። አንቺ በ62 ዓመትሽ ብትወጪ 21 ዓመት ይሆንሻል፤ 23 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከደመወዝሽ ሩብ አይሞላም። ሶሻል ሴኩሪቲ ይጨመርበታል፤ የቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ይኸው እሱ «የሞተ» የሚለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሙግት አትግጠሚው። «ያባባን አየሁ፣ እኛ እንዲያ እንዳንሆን ነው» ማለት ለአንቺም ይቀልሻል፣ ለሱም ይገባዋል።

የዩቲዩቡ ወሬ እንዲያው ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜሪካ የመንግሥት ዕዳ ጣሪያው ላይ፣ ማለትም ሕጉ እስከፈቀደላት የብድር መጠን ስትደርስ፣ ለምሳሌ በ2023 እንደሆነው፣ ግምጃ ቤቱ ጂ ፈንድ በሚባለው የቲኤስፒ ክፍል ውስጥ ያለውን ገንዘብ በቦንድ ማስቀመጡን ለጊዜው ያቆማል። ይህን የሚፈቅደው ሕግ ግን ጣሪያው ከፍ ሲል ገንዘቡም ያልታሰበው ወለድም ሙሉ በሙሉ እንዲተካ ያስገድዳል፤ ተተክቷልም። በዚያ መሐል ጡረታ የወጣ ሰው ገንዘቡን ቢጠይቅ ይከፈለዋል። ወሬው ላይ የቀረው ይኼ ሁለተኛው ግማሽ ነው። (የዩቲዩብ የገንዘብ መካሪዎች ሁለተኛውን ግማሽ የሚነግሩ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ።)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ ለራሱ እርጅና ያስቀመጠው ነገር አለ? ኡበር የሚነዳ ሰው ጡረታ የሚያስብለት መሥሪያ ቤት የለውም፤ የሶሻል ሴኩሪቲውን ድርሻ እንኳ የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ሁለቱንም ከፋዩ እሱው ነው። አንቺ ትናንት ገብተሽ ዛሬ አበል፣ ቁጠባ፣ ማቺንግ አለሽ። እሱ ሌሊት ሲነዳ አድሮ ያለው መኪናውና ጤናው ነው። «የዛሬውን ሳንወጣው» ሲልሽ ምናልባት «እኔስ?» ማለቱ ይሆን? ልሳሳት እችላለሁ፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ግን ስትነጋገሩ «ለአንተስ ምን እናድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ከሱ አፍ ሳትጠብቂ አንቺ ብታነሺው የንግግሩ መልክ ይለወጣል። የካርዱ ዕዳ ሲያልቅ በሱ ስም አይአርኤ የሚባለውን የግል የጡረታ ሒሳብ መክፈት ይቻላል፤ በወር 50 ዶላርም ይጀመራል።

ሌላም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። ለመቆጠብ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ነገር ግን ከቲኤስፒ ብድር ስትወስጂም ሆነ በሥራ ላይ ሳለሽ ገንዘብ ስታወጪ፣ እንዳንቺ በፌርስ ሥር ያለ ባለትዳር ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው በጽሑፍ መስማማት አለበት። አንድ ነገር ብትሆኚም፣ ወራሽ ካላስመዘገብሽ ሕጉ በቅድሚያ የሚሰጠው ለሱ ነው፤ ባል ከሌለ ለልጆች፣ ልጆች ከሌሉ ለወላጆች። አየሽ፣ አንቺ ከሱ የደበቅሽው ገንዘብ እሱን አስቀድሞ ያወቀ ነው። ስትነግሪው ይህን ጨምሪበት። «የኔ» እና «ያንተ» የሚለው ንትርክ ላይ ውኃ ያፈስበታል።

እንዴት ልንገረው ላልሽው፣ ቀኑን ምረጪ። ሌሊት ሲነዳ አድሮ በገባበት ጠዋት አይሁን፤ ልጆቹም እቤት ባይኖሩ ይሻላል። ደብዳቤውን ከሎከርሽ አውጥተሽ ወደ ቤት አምጪው፤ የመጨረሻውን ፔይ ስታብሽንም አትሚ። ከዚያ ከሒሳቡ በፊት ውሸቱን አስቀድሚ። ማቺንጉን አስረድተሽ ስታበቂ «እና አላቆምኩትም ነበር» ካልሽ፣ ያን ሁሉ ማብራሪያ እንደ ማባበያ ነው የሚቆጥረው። «አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ። ቁጠባውን አቁሜዋለሁ ያልኩህ እውነት አልነበረም፤ የኢንሹራንሱም እንደዚያው። እንዳንጣላ ፈርቼ ነው። ገንዘቡ አለ፣ ይኸውልህ፣ ቁጭ ብለን እንየው» ብትዪው ይበቃል። ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ ይሆናል። የሚቆጣው በገንዘቡ ሳይሆን በመዋሸትሽ ከሆነ ልክ ነው፤ አትከራከሪው። ሒሳቡን ለማግስቱ ብታሳድሩትም ምንም አይደል። ሽማግሌ የሚያስጠራ ጉዳይ አይመስለኝም፤ 12 ዓመት በገንዘብ ያልተዋሸ ሰው ይህችን ሊሸከማት ይችላል።

አንቺም እስቲ ራስሽን ጠይቂ። «አቁሜዋለሁ» ያልሽው ጭቅጭቁ ሰልችቶሽ ነው ወይስ በገዛ ደመወዝሽ ላይ ድምፅ የሌለሽ መስሎሽ? የመጀመሪያው ከሆነ አንድ ጥሩ ንግግር ይፈታዋል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ከ90 ዶላሩ የሰፋ ነገር ነው፤ እሱን ለብቻው ልትጽፊልኝ ትችያለሽ።

ሒሳቡ ላይ ስትቀመጡ ከሱ ጭንቀት ጀምሩ፣ ከካርዱ። በ4,000 ዶላር ላይ 24 በመቶ ማለት ወለዱ ብቻ በወር 80 ዶላር ነው። ያስጨነቀው ይህ ከሆነ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው 10 በመቶ አድርጊው ያለችሽን የሥራ ባልደረባሽን ለጊዜው የማልደግፋት። ከ5 በመቶ በላይ ያለው ማቺንግ አያመጣም። ማቺንግ የሌለውን ዶላር ቁጠባ ውስጥ ከመጨመር 24 በመቶ የሚበላውን ዕዳ መክፈል ይሻላል። እቁባችሁ ሲወጣ 6,000 ዶላር ነው። ካርዱን ዝጉበትና የተረፈውን 2,000 ለቤቱ አስቀምጡት። ዳኛውን አነጋግራችሁ እጣው ቀደም ብሎ እንዲሰጣችሁ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ብዙ እቁብ ውስጥ ችግር ላለበት ይታሰብለታል። ለእናትሽ የምትልኪውን 200 እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም፤ አንቺም አታስገቢው። እሱ ባለበት ይቀጥል።

«ታዲያ የተጠራቀመውን እናውጣው» ቢልሽስ? ሳይጠየቁ የገቡ አዳዲስ ሠራተኞች ያዋጡትን ማስመለስ የሚችሉት የመጀመሪያው መዋጮ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ያ አልፎሻል። ከእንግዲህ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላሽ በሥራ ላይ እያለሽ ገንዘቡ የሚነካው በብድር ወይም በከባድ የገንዘብ ችግር ምክንያት ብቻ ነው። በችግር ስም የወጣው ታክስ ይከፈልበታል፣ 10 በመቶ ቅጣትም አለው፣ ተመልሶም አይገባም። ባለቤትሽን ደስ ሊያሰኘው የሚችለው ብድሩ ነው። ለምትኖሩበት ቤት መግዣ ከሆነ እስከ 15 ዓመት የሚከፈል ብድር አለ፤ ወለዱን የምትከፍዪው ወደ ራስሽ ሒሳብ ነው። ዝቅተኛው 1,000 ዶላር ነው፣ የማስኬጃው ክፍያ 100 ዶላር። መበደር የሚቻለው ግን አንቺ ካዋጣሽውና መዋጮሽ ካፈራው ብቻ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ መዋጮ አይነካም። አዲስ አበባ ለሚሠራ ቤትም አይሆንም፤ እናንተ የምትኖሩበት መሆን አለበት። በሦስት ዓመት ውስጥ ያንቺ መዋጮ ብቻ 7,000 ዶላር ይሆናል። ብድሩን እንድትወስጂ እየመከርኩሽ አይደለም፤ ሥራ ብትለቂና መክፈሉን ብታቋርጪ ያልተከፈለው እንደ ወጪ ተቆጥሮ ታክስና ቅጣት ይመጣበታል። ግን ገንዘቡ 20 ዓመት እንደተቆለፈ ለሚያስብ ሰው በሩ እንዳለ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

ሲ እና ጂ ያሉሽን በአጭሩ ልንገርሽ። ጂ ለቲኤስፒ ብቻ የሚወጣ የመንግሥት ቦንድ ነው፤ ዋናው አይቀንስም፣ ዕድገቱ ግን አዝጋሚ ነው። ኤፍ ሌሎች ቦንዶችን ይይዛል። ሲ 500 የሚሆኑ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን፣ ኤስ የመካከለኛና የአነስተኞቹን፣ አይ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ያሉትን ይይዛል። ሁለቱም ባልደረቦችሽ የየራሳቸውን ልብ ነው የመከሩሽ። ሲ በ2008 37 በመቶ ወድቋል፤ በ2022 18 በመቶ ወድቆ በማግስቱ ዓመት 26 በመቶ ተነሥቷል። ይህን ዓይቶ ሳይደነግጥ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ በወደቀ ማግስት ሸጦ የሚወጣም አለ። ሙሉ በሙሉ ጂ ላይ መተኛት ደግሞ ሃያ ዓመት ለሚቀርሽ ሰው የኑሮ ውድነትን እግር በእግር መከተል ነው፣ ከዚያ አይዘልም። አንቺ ምንም ስላልነካሽ ገንዘብሽ አሁን ያለው በዕድሜሽ በተመረጠ ኤል ፈንድ ውስጥ ነው። ጡረታ ትወጪበታለሽ ተብሎ በሚገመተው ዓመት የተሰየመ ሲሆን አምስቱንም ቀላቅሎ የያዘ ነው፤ ዓመቱ እየቀረበ ሲሄድ ራሱ ወደ ጂ እያጋደለ ይሄዳል። እኔ ብሆን እዚያው እተወው ነበር። ሮት የሚባለው አማራጭም አለ፤ ታክሱን አሁን ከፍለሽ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላሽ ስታወጪ የማትከፍዪበት። ገቢያችሁ ዝቅ ባለበት ዘመን ሊጠቅም ይችላል፣ የዛሬ ቼክሽን ግን ይቀንሰዋል። ካርዱ እስኪዘጋ አታስቢው።

አሁን የሚሠራው ብዙ አይደለም። በዚያ ሎከር ውስጥ ባለው ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘሽ በቲኤስፒ ድረ ገጽ የራስሽን አካውንት ክፈቺ፤ ባለቤትሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። ፈንዱን የምታዪውና የምትቀይሪው እዚያ ነው። መቶኛውን ግን እዚያ ስትፈልጊው አታገኚውም፤ እሱ የሚቀየረው በመሥሪያ ቤትሽ የደመወዝ ሥርዓት ነው፤ አዲስ ሰው ሁሉ የሚደናገርባት ቦታ እሷ ናት። ከዚያ ወራሽ የሚለውን ተመልከቺ። ከባለቤትሽ ሌላ ለእናትሽም ድርሻ እንዲሆን ካሰብሽ እዚያው ማስመዝገብ ይኖርብሻል፤ በኑዛዜ የተጻፈ ቲኤስፒን አያዝም። ያንንም ከወሰንሽ በግልጽ ይሁን እንጂ ሌላ ሎከር ውስጥ አይግባ። ሥራ ከጀመርሽ ዓመት ሲሞላሽ የስቴፕ (የደመወዝ እርከን) ጭማሪ ይመጣልሻል፤ ካርዱ እስከዚያ ከተዘጋ ከጭማሪው 1 በመቶ ወደ ቁጠባው አዙሪ፤ ገና እጃችሁ ያልገባ ስለሆነ ቤታችሁ አይጎዳም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «አሁንም ይቁም» ቢልስ? «ለስድስት ወር እንሞክረው፣ ካርዱን እየከፈልን፣ በየወሩ ሒሳቡን አብረን እያየን» በይው። ያም አልሆን ካለና የቤታችሁ ገንዘብ በእርግጥ ካጠራችሁ፣ ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ 3 በመቶ ዝቅ አድርጊው። ያንቺ መዋጮ 54 ዶላር ይሆናል፣ ማቺንጉም 54፤ በየቼኩ የምታጪው የመሥሪያ ቤት ገንዘብ 18 ዶላር ብቻ ነው። መልሶ 5 ማድረግ ደግሞ ዓመት አያስጠብቅም፤ በፈለግሽ ጊዜ ገብተሽ የምትቀይሪው ነው።